ባግ ፊልተርን በየቀኑ መፈተሽና መጠገን፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ ላሉ ፋብሪካዎች የጥገና ሠራተኞች

በአቃቂ ቃሊቲ፣ በገላን፣ በዱከም፣ በሰበታና በለገጣፎ ብረት የሚያቀልጡ፣ ድንጋይ የሚፈጩ፣ እንጨት የሚሠሩ ፋብሪካዎች ጭስና አቧራቸውን ከሚያጣሩባቸው መሣሪያዎች ዋነኛው ባግ ፊልተር፣ ማለትም አቧራውን በረጃጅም የጨርቅ ከረጢቶች (ባጎች) የሚይዝ ማጣሪያ ነው። ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ሲተከሉ ዙሪያቸው እርሻ ነበር። ዛሬ ከአጥሩ ማዶ እንደ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ያሉ ሰፈሮች ተሞልተዋል። ባጉ ሲቀደድ የሚወጣው አቧራ መጀመሪያ የሚያርፈው በረንዳ ላይ በተሰጣ ልብስና በሕፃናት ሳንባ ላይ ነው።

ብዙ ቦታ ጥገና የሚታሰበው ከጭስ ማውጫው ጭስ ሲታይ ነው። ጭሱ በዓይን ከታየ ግን መሣሪያው ከታመመ ሰንብቷል። ሳምንታት ቀድሞ የሚናገር አንድ ርካሽ ዕቃ አለ፤ ከባጎቹ በፊትና በኋላ ያለውን የግፊት ልዩነት የሚያሳየው ጌጅ። ከዚህ በታች ያለው ሥራ አብዛኛው የሚዞረው በዚህ ጌጅ ዙሪያ ነው።

መጀመሪያ የራሳችሁን መነሻ ቁጥር ያዙ

ማኑዋሉ ብዙውን ጊዜ የግፊት ልዩነቱ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሜትር የውሃ ከፍታ፣ ማለትም ከ1000 እስከ 1500 ፓስካል ገደማ ይሁን ይላል። ለግምት ጥሩ ነው፤ ግን የእናንተ ቁጥር አይደለም። አምራቹ ተለይቶ ካልተነገረው በቀር የሚያሰላው በባሕር ጠለል ላይ ላለ ፋብሪካ ነው። እኛ ያለነው ከ1900 እስከ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ሲሆን፣ በ2200 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ከሦስት አራተኛ ብዙም አይበልጥም።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፋኑ በዚያው ፍጥነት እየዞረ የመሳብ ኃይሉ በሩብ ገደማ ያንሳል። አቧራ በተሸከመ ጨርቅ ውስጥ አየር ለማሳለፍ የሚያስፈልገው ግፊት ግን አየሩ ስለሳሳ አይቀንስም፤ የሚወስነው አየሩ የሚያልፍበት ፍጥነትና ዝልግልግነቱ ነው። ስለዚህ ፋኑ ለከፍታው ተሰልቶ ካልተመረጠ፣ ባጉ መደፈን ሲጀምር እኛ ጋ ቶሎ ይሸነፋል፤ ከምድጃው በላይ ያለው ጭስ ሰብሳቢ ቆብ (ሁድ) ጭሱን መሳብ ያቆምና አዳራሹ ይታፈናል። ኮምፕረሰሩም የሚስበው ሳሳ ያለ አየር ስለሆነ ታንከሩን ለመሙላት ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል። ሞተሩም ቢሆን፣ መደበኛ ሞተሮች የሚሠሩት እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው፤ ከዚያ በላይ አየሩ በደንብ ስለማያቀዘቅዛቸው ሙሉ ጭነት ላይ ማስጨነቅ አይገባም።

መነሻውን እንዲህ ያዙ። አዲስ ባግ ከገባ በኋላ ጨርቁ አቧራ ይዞ እስኪረጋ ሁለት ሦስት ሳምንት ጠብቁ። ከዚያ ምድጃው ሙሉ ሥራ ላይ እያለ አራት ነገር መዝግቡ፤ የግፊት ልዩነቱን፣ የፋኑን ሞተር አምፔር፣ የምት አየሩን (በየተወሰነ ጊዜ ባጎቹን እየመታ አቧራቸውን የሚያራግፈውን የታመቀ አየር) ግፊትና ወደ ባጎቹ የሚገባውን ጋዝ ሙቀት። ይህንኑ በማለዳው ብርድና በቀትር ድገሙ። አራቱን ቁጥሮች በቀለም ከጌጁ አጠገብ ላሜራው ላይ ጻፏቸው። ወረቀት ይጠፋል፣ ኮምፒውተር ውስጥ ያለውን የማታው ፈረቃ አያየውም፤ ግድግዳ ላይ ያለውን ግን ሁሉም ያነበዋል።

የጠዋት ዙር

ዙሩን ሥራ ከሞቀ በኋላ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በየቀኑ በአንድ ዓይነት ሰዓትና በአንድ ዓይነት ጭነት ላይ አድርጉ። ምድጃ ባዶ እያለ የተነበበ ቁጥር ከትናንቱ ጋር አይወዳደርም።

መጀመሪያ ከግቢው ጥግ ሆናችሁ፣ ፀሐይን ጀርባችሁ ላይ አድርጋችሁ፣ የጭስ ማውጫውን ጫፍ ለጥቂት ደቂቃዎች ተመልከቱ። ያለማቋረጥ የሚወጣ ጭስና በየተወሰነ ጊዜ ቡፍ እያለ የሚመጣ ጭስ ይለያያሉ። የኋለኛው ከምቱ ጋር አብሮ የሚመጣ ከሆነ አንድ መስመር ላይ ባግ ተቀድዷል ማለት ነው። የትኛው ቫልቭ ሲመታ ጭሱ እንደሚወጣ የሚቆጥር ሰው ከላይ አቁሙ፤ ከመቶዎቹ ባጎች የምትፈልጉት ወደ አስር አሥራ አምስት ይወርዳል።

ቀጥሎ ጌጁ። ከማንበባችሁ በፊት መርፌው በሕይወት መኖሩን አረጋግጡ፤ በእያንዳንዱ ምት ትንሽ መንቀጥቀጥ አለበት። ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ የቆመ መርፌ መሣሪያው ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ቀጭኑ ቱቦ በአቧራ ተደፍኖ ነው። ቱቦውን ከጌጁ ንቀሉና ወደ ፊልተሩ አቅጣጫ በአየር ንፉት። ቱቦው ሳይነቀል ከተነፋ ጌጁ ውስጥ ያለው ስስ ክፍል ይበላሻል። ቱቦውን በየሳምንቱ መንፋት ልማድ ይሁን።

ሦስተኛው የምት አየሩ ነው። ታንከሩ ላይ ያለው ግፊት ለአብዛኞቹ ባግ ፊልተሮች ከ5 እስከ 7 ባር መካከል ነው። ቫልቩ ሲመታ ግፊቱ ይወርዳል፤ ቀጣዩ ሳይመታ ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ቀጣዩ ምት ደካማ ነው፣ ከዚያ የሚቀጥለው ደግሞ የባሰ። እኛ ጋ ኮምፕረሰሩ ቀስ ብሎ ስለሚሞላ በሁለት ምቶች መካከል ያለውን ጊዜ ማስረዘም ብዙ ጊዜ ችግሩን ይፈታል። የምቱን ርዝመት ከ0.1 እስከ 0.15 ሰከንድ አካባቢ ተዉት፤ ማስረዘሙ አየር ይጨርሳል እንጂ ባጉን አያጸዳም።

እዚያው ቆማችሁ አንድ ሙሉ ዙር አዳምጡ። ጤነኛ ዲያፍራም ቫልቭ፣ ማለትም የምት አየሩን የሚለቀው ባለ ስስ ሽፋን ቫልቭ፣ ድምፁ ደረቅና አጭር ነው፣ ጧ ብሎ ያበቃል። ፉፍ የሚል ልፍስፍስ ድምፅ ከሰማችሁ ዲያፍራሙ ደክሟል ወይም ውሃ ገብቶበታል። ሳያቋርጥ የሚፏጭ ከሆነ ዲያፍራሙ ተቀድዷል ወይም ሶሌኖይዱ (ቫልቩን በኤሌክትሪክ የሚከፍተው) ተጣብቋል፤ ይህ አንዱ ብቻ የሌሎቹን ሁሉ አየር ይበላል። ምንም ካልሰማችሁ የሶሌኖይዱን ኮይልና ከኳድሮው (ከኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ሳጥኑ) የሚመጣውን ገመድ መርምሩ። የተጠረጠረውን ቫልቭ ቁጥር በጠመኔ ምልክት አድርጉበት።

ከዚያ ውሃውን አውርዱ። የኮምፕረሰሩን፣ የማድረቂያውንና የምት ታንከሩን መክፈቻ በየፈረቃው ክፈቱ። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የሌሊት ብርድ በአንድ ሌሊት የሚጠራቀመው ውሃ ይገርማል፤ ያ ውሃ በቀጥታ ባጉ ውስጥ ይረጫል። ዘይት ተቀላቅሎ ከወጣ ለኮምፕረሰሩ ጥገና የሚጠራ ምልክት ነው።

የመጨረሻው አቧራ ማውረጃው ነው። ሆፐር፣ ማለትም ከባጎቹ ስር ያለው አቧራ መቀበያ፣ አቧራ የሚያልፍበት እንጂ የሚቀመጥበት ቦታ አይደለም። የታችኛው ማዞሪያና ሽክርክሪት ማጓጓዣ መዞራቸውን ብቻ ሳይሆን አቧራ በእርግጥ እየወጣ መሆኑን እዩ። አቧራው ከላይ ደርቆ ድልድይ ከሠራ ማሽኑ ባዶውን ይዞራል። ሆፐሩን በመዶሻ መደብደብ ከጥገና ሠራተኛ ዘንድ ቢጠፋ ደስ የሚለኝ ልማድ ነው፤ ላሜራው በተጎደጎደ ቁጥር አቧራው የሚይዝበት ጥግ ያገኛል፣ ነገ ደግሞ የባሰ መደብደብ ይፈልጋል። ነዛሪ ሞተር ግጠሙ፣ ወይም ሆፐሩን ከውጭ ሸፍናችሁ ሙቀቱን ጠብቁ። የታችኛው ማዞሪያ አየር እያስገባ እንደሆነም ፈትሹ፤ ትንሽ ወረቀት አፉ ላይ ስታስጠጉ ወደ ውስጥ ከተሳበ የጎማው ምላስ አልቋል። ያ አየር የወረደውን አቧራ መልሶ ወደ ባጉ ያነሳል፣ በክረምት ደግሞ እርጥበት ይዞ ይገባል።

ቁጥሩ ሲለወጥ

የግፊት ልዩነቱ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ከጨመረ ጨርቁ ውስጡ እየተደፈነ ነው፤ እርጥበት፣ ዘይት ወይም የባጉ ዕድሜ ሊሆን ይችላል። በአንድ ቀን ከዘለለ ባጉን አትጠርጥሩ፤ አየር ተቋርጧል፣ ሰዓት ቆጣሪው ቆሟል ወይም ሆፐሩ እስከ ባጎቹ ግርጌ ሞልቷል። በድንገት ከወረደ ባግ ተቀድዷል፣ ወድቋል፣ ወይም ከፊልተሩ በፊት ያለው ዳምፐር (የቱቦው አየር መዝጊያ) ተዘግቷል። ብዙ ሰው ቁጥሩ ሲወርድ ደስ ይለዋል። የሚያስፈራው ግን ይህ ነው።

ከአምፔሩ ጋር አብራችሁ አንብቡት። ልዩነቱ ጨምሮ አምፔሩ ከቀነሰ አየሩ አላለፈም፣ ባጉ ተደፍኗል። ሁለቱም ከቀነሱ ቺንጊያው እየተንሸራተተ ወይም ዳምፐሩ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። አምፔሩ ብቻውን ከጨመረ የቱቦው ላሜራ ተበስቶ ቀዝቃዛ አየር እየገባ ይሆናል። ማለዳ ላይ ትንሽ ከፍ ማለቱ ግን የቀዝቃዛ አየር ክብደት ስለሆነ አያስደነግጥም፤ መነሻውን በማለዳም በቀትርም ያዙ ያልኩት ለዚህ ነው።

የእኔ ልክ እንዲህ ነው፤ ልዩነቱ ከመነሻው 25 ሚሊ ሜትር ሲያልፍ በዚያው ቀን ምክንያቱን መፈለግ፣ 50 ሲያልፍ ከምርት ክፍል ጋር ተነጋግሮ የማቆሚያ ቀን መያዝ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ቁጥሩ ዝቅ እንዲል ብላችሁ ምቱን ያለማቋረጥ አታስመቱ። ደቃቁን አቧራ የሚይዘው ጨርቁ ላይ የተለበጠው ስስ የአቧራ ሽፋን ነው። ያ ሽፋን በሙሉ ከተራገፈ ደቃቁ ብናኝ ወደ ጨርቁ ውስጥ ይሰርጋል፣ በኋላም አይወጣም።

ወደ ውስጥ መግባት

የተቀደደ ባግ ለመፈለግ የንጹሑ አየር ክፍል (በባጎቹ የተጣራው አየር የሚወጣበት) መከፈት አለበት። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሞተው፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ማንም አያሳጥረው።

ፋኑን፣ ማጓጓዣውንና የምት መቆጣጠሪያውን ኳድሮው ላይ አጥፉ። እያንዳንዱን ማብሪያ በቁልፍ ቆልፉ፤ ቁልፉ የሚገባው ሰው ኪስ ውስጥ ይሁን። ፋኑ ሙሉ በሙሉ እስኪቆም ጠብቁ። የምት ታንከሩን አየር አስወጡና ጌጁ ዜሮ መሆኑን እዩ፤ ሰው ፊቱን አስጠግቶ ሳለ አንድ ቫልቭ ቢመታ ዓይን ያጠፋል። በሮቹን ከፍታችሁ አየር ይግባ። ከዚያ በጋዝ መለኪያ ኦክስጅኑ ከ19.5 በመቶ አለማነሱን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድም አለመኖሩን አረጋግጡ። መለኪያ ከሌለ መግባት የለም። በር ላይ ስሙን እየጠራ የሚከታተል አንድ ሰው ይቁም፤ ያ ሰው በምንም ምክንያት ተከትሎ አይገባም፣ ችግር ሲፈጠር እርዳታ ይጠራል። ወደ ሆፐሩ ደግሞ አቧራ እያለበት ማንም አይውረድ። የብረት ማቅለጫ አቧራ፣ በተለይ ቆርቆሮ ከተቀለጠ፣ ዚንክና እርሳስ ስለሚይዝ የጨርቅ ጭምብል አይበቃም፤ በደንብ ፊት ላይ የሚገጥም የአቧራ ማጣሪያ ጭምብል አድርጉ። የብየዳ ሥራ አቧራው በሙሉ ሳይወጣ አይጀመርም።

በሩ ሲከፈት ባጎቹ በተያያዙበት ባለ ቀዳዳ ላሜራ ላይ በባትሪ መብራት በአግድም አብሩ። ጤነኛ ከሆነ ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል። ባግ የተቀደደበት ቀዳዳ አፍ ዙሪያ ግን አቧራው ትንሽ ኩይሳ ሠርቶ፣ ምቱ የገፋውም በአንድ ወገን እንደ ጅራት ተዘርግቶ ታዩታላችሁ። ሁሉም ቦታ አቧራ ከሆነ ላሜራውን በአቧራ መሳቢያ ካጸዳችሁ በኋላ የሚያበራ የሙከራ ዱቄት ከፊልተሩ በፊት ልቀቁና በአልትራቫዮሌት መብራት ፈልጉት፤ የላሜራው ብየዳ ተሰንጥቆ ከሆነም በዚያው ይታያል።

አንድ ሁለት ባግ ብቻ ከሆነና ሌሎቹ ካረጁ፣ አዲስ ከማስገባት ይልቅ ቀዳዳውን በላሜራ ክዳንና በጓርኒሲዮን ድፈኑት። አዲስ ባግ በአሮጌዎች መካከል ሲገባ አየሩ ሁሉ በእሱ በኩል መሄድ ይፈልጋል፣ ቶሎም ይቀደዳል። የተደፈነውን ቁጥር በካርታ ላይ ምልክት አድርጉ። ቀዳዳዎቹ በአንድ ጥግ ከተደጋገሙ ጥፋቱ የባጉ አይደለም፤ ከመግቢያው የሚመጣው አቧራ እዚያ ጥግ ላይ እየመታ ነው፣ መከለያውን መርምሩ።

ባግ ሲለወጥ

ጨርቁ ከሙቀታችሁ ጋር ይስማማ። ፖሊስተር እስከ 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይችላል፣ አራሚድ ወደ 200፣ ፋይበር ግላስ ወደ 260። የምድጃው ጋዝ ለአጭር ጊዜ እንኳ ከዚህ ካለፈ ባጉ ይኮማተራል ወይም ይበሳል፤ ስለዚህ ሙቀት ሲያልፍ ቀዝቃዛ አየር የሚያስገባው የአደጋ ዳምፐር በየወሩ በእጅ መሞከር አለበት። ዝጎ የተጣበቀ ዳምፐር ብዙ ቦታ አይቻለሁ።

ባጉን ከውስጥ የሚወጥረውን እያንዳንዱን የሽቦ ቀፎ ከማስገባታችሁ በፊት እጃችሁን በጓንት አሻሹበት። የሾለ ብየዳ ወይም ዝገት ካለ ባጉን በወራት ውስጥ ከውስጥ ይበላዋል፤ የተጣመመውን ጣሉት። ባጉ ላሜራው ላይ ሲያያዝ ቀለበቱ ጠቅ ብሎ ሙሉ በሙሉ መግባት አለበት፤ በጣት ዙሪያውን ዳስሱት። ባጎቹ ተጠማዘው እርስ በርስ እንዳይነካኩም ከታች አብርታችሁ እዩ። ከላይ የሚሠራ ሰው የባጉን አፍ እንዳይረግጥ መቆሚያ እንጨት ይዘርጋለት።

እሳት ከመቀጠሉ በፊት ፋኑን አስነስታችሁ ደረቅ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ቀስ እያላችሁ አስስቡት። ይህ የመጀመሪያ ሽፋን አዲሱን ጨርቅ ከደቃቁ ብናኝና ከቅባት ይጠብቀዋል። ምቱ የሚጀምረውም ልዩነቱ ከፍ ማለት ከጀመረ በኋላ ነው።

መብራት ሲሄድ፣ መብራት ሲመጣ

መብራት ሲቋረጥ ምድጃው ይጨሳል፣ ፋኑ ግን ቆሟል። የባጉ ክፍል ውስጥ የቀረው ሙቅና እርጥብ ጋዝ ሲቀዘቅዝ ውሃ ሆኖ ጨርቁ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ መብራት ሲመለስ ሁሉንም በአንዴ ማስነሳት አይሆንም። መጀመሪያ ኮምፕረሰሩ ይነሳና ግፊቱ ይሙላ። ቀጥሎ የአቧራ ማጓጓዣውና ማዞሪያው ይነሱ፤ ሆፐሩ ባዶ ይሁን። ከዚያ የፋኑን ዳምፐር ዘግታችሁ ፋኑን አስነሱ፣ ፍጥነቱ ሲሞላ ዳምፐሩን ቀስ እያላችሁ ክፈቱ። በተዘጋ ዳምፐር መነሳት ሞተሩንም ባጉንም ያድናል። ምድጃው የሚጫነው ከዚህ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ጽፋችሁ ኳድሮው በር ላይ ለጥፉት፤ መብራት የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ልምድ ያለው ሰው በሌለበት ፈረቃ ነው።

ማታ ሥራ ሲያበቃም ፋኑን ወዲያው አታጥፉ። እርጥቡ ጋዝ ተጠርጎ እስኪወጣ ለአሥራ አምስት ሃያ ደቂቃ ይዙር፤ ከዚያ ፋኑ ቆሞ ጥቂት ዙር ምት ይመታ፣ ሆፐሩም ባዶ ሆኖ ይደር።

ከክረምት በፊት

የዓመቱ ትልቁ ጥገና በግንቦት ማለቅ አለበት። ከሰኔ በኋላ ጣሪያ መበየድም ባግ ማድረቅም ከባድ ነው። የበሮቹን ጓርኒሲዮን ለውጡ፤ ተጨፍልቆ የጠነከረ ጎማ አየርም ውሃም ያስገባል። በንጹሑ ክፍል ውስጥ ከብየዳ መስመር ስር የወረደ የዝገት ጅረት ካለ ውሃ የገባበት ቦታ እሱ ነው። የላሜራውን የሙቀት ሽፋን አስተካክሉ፤ ወደ ባጎቹ የሚገባው ጋዝ ውሃ ከሚሆንበት ሙቀት ቢያንስ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ በላይ መቆየት አለበት። ቁርጥራጭ ብረቱንም ከዝናብ ከልሉት፤ እርጥብ ብረት ጋዙን ያረጥባል፣ ቀልጦ ባለ ብረት ላይ ሲጣል ደግሞ ፈንድቶ ሰው ይገድላል።

ባጉ ከረጠበ፣ አቧራው ብረት ወይም እንጨት ከሆነ ሙቀቱ ጨርቁ ከሚችለው በታች በሆነ ሙቅና ንጹሕ አየር አድርቆ ማትረፍ ይቻላል። የሲሚንቶ አቧራ ከሆነ ግን ጠንክሯል፤ ባጉን መለወጥ ብቻ ነው።

ፋኑና ቱቦው

በየሳምንቱ የኩሽኔታውን ሙቀት በመለኪያ ውሰዱ፤ ከ80 ዲግሪ ካለፈ ምክንያቱን ፈልጉ። ግራሶ መብዛቱ ራሱ ያሞቀዋል። ቺንጊያዎቹ በአንድ ሜትር ርቀት መካከል ሲጫኑ 16 ሚሊ ሜትር ያህል ይግቡ፤ ሲያልቁ አንዱን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም አንድ ላይ ለውጡ። ንዝረት የሚለካ ካላችሁ በሰከንድ 4.5 ሚሊ ሜትር ድረስ ደህና ነው፣ ከ7.1 ሲያልፍ ፋኑን ለመመርመር አቁሙ፤ ብዙውን ጊዜ ክንፉ ላይ አቧራ ተለጥፎ ነው።

ቱቦውን ከስሩ በእንጨት አንኳኩ። የታፈነ ድምፅ ካለ አቧራ ተኝቷል፣ ፍጥነቱ ወርዷል ማለት ነው። ኩርባው ውጭኛ ጎኑ ላይ ቶሎ ይሳሳል፤ ከመበሳቱ በፊት ተጨማሪ ላሜራ በየዱበት።

በውሃ የሚያጥብ ማጣሪያ ካላችሁ

ስክራበር ያላቸው ቆዳ ፋብሪካዎችና የኬሚካል ፋብሪካዎች በየቀኑ የውሃውን ፒኤች፣ የፓምፑን ግፊትና የውሃውን ፍሰት ይመዝግቡ። ግፊት ጨምሮ ፍሰት ከቀነሰ መርጫው ተደፍኗል፣ የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀም ፋብሪካ ይህን ያውቀዋል። ግፊት ቀንሶ ፍሰት ከጨመረ መርጫው አልቋል ወይም ወድቋል። ኮስቲክ ሶዳ ሲበጠበጥ ሶዳው ወደ ውሃው ይጨመራል፣ ውሃው ወደ ሶዳው ፈጽሞ አይጨመርም። ሰልፋይድ ያለበት የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ከአሲድ ጋር ከተገናኘ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይለቃል፤ ይህ ጋዝ መጠኑ ሲበዛ የማሽተት ስሜትን ራሱን ስለሚያጠፋ በአፍንጫ መተማመን አይቻልም።

አቧራውና መዝገቡ

የተጠራቀመው አቧራ በተዘጋ ከረጢት፣ በጣሪያ ስር፣ በሲሚንቶ ወለል ላይ ይቀመጥ። ከግቢው ጀርባ ከተደፋ የመጀመሪያው ዝናብ ወደ አቃቂ ወንዝ ይወስደዋል፤ ከዚያ አትክልት የሚያጠጣ ገበሬ ማሳ ላይ ያርፋል፣ የቀረው አባ ሳሙኤል ይገባል። እርሳስና ዚንክ ያለበት አቧራና አሮጌ ባግ ስለ አደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር በወጣው አዋጅ ቁጥር 1090/2010 መሠረት መያዝ አለበት።

የኢንዱስትሪ ብክለትን ለመከላከል የወጣው ደንብ ቁጥር 159/2001 ፋብሪካው ራሱን እየተከታተለ መዝገብ እንዲይዝ ያዛል። በየቀኑ አንድ መስመር ይበቃል፤ ቀንና ፈረቃ፣ የግፊት ልዩነት፣ አምፔር፣ የአየር ግፊት፣ ሙቀት፣ ያልመታው ቫልቭ ቁጥር፣ የወረደው አቧራ በከረጢት ብዛት፣ የፈታሹ ፊርማ። ሳይታይ የተሞላ መስመር በግልጽ ያስታውቃል፣ ሠላሳ ቀን አንድ ዓይነት ቁጥር ይደረደርበታልና። ፈራሚው ያልተነበበውን ባዶ እንዲተው ፍቀዱለት፤ ለምን እንዳልተነበበም ከጎኑ ይጻፍ።